ከዕፅዋት ጭማቂና ከፀሐይ የሚመጣ የቆዳ ቃጠሎ

ከዕፅዋት ጭማቂና ከፀሐይ የሚመጣ የቆዳ ቃጠሎ (በሕክምና ስሙ ፋይቶፎቶደርማታይቲስ) የአንዳንድ ዕፅዋት ጭማቂ የነካው ቆዳ ለፀሐይ ሲጋለጥ የሚፈጠር ጉዳት ነው። ቆዳው ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ አንዳንዴም ውሃ ይቋጥራል፤ በኋላ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ስሙ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን «ፋይቶ» ተክልን፣ «ፎቶ» ብርሃንን፣ «ደርማ» ቆዳን ያመለክታል። ጭማቂው ብቻውን ይህን ጉዳት አያደርስም፤ ለዚያው ያህል ጊዜ የሚሞቁት ፀሐይም እንዲሁ። ሁለቱ በአንድ ቆዳ ላይ መገናኘት አለባቸው።

በሰሜን አዲስ አበባ፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ በሚገኘው በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ይህን ጉዳት ከሚያደርሱ ዕፅዋት ዋና ዋናዎቹ ማንም የሚያውቃቸው ናቸው፦ ጤና አዳምና ሎሚ። አንዱ በአጥር ጥግ ይበቅላል፤ ሌላው ከማጀት አይጠፋም። ሁለቱም በመድኃኒትነትና በንጽሕና ስለሚታወቁ ቆዳ ያቃጥላሉ ብሎ የሚጠረጥራቸው ሰው ጥቂት ነው። ቃጠሎው ደግሞ ጭማቂው በነካበት ቀን ሳይሆን በማግስቱ ስለሚወጣ ምክንያቱ ይረሳል፤ ሕመሙም ሌላ ስም ይሰጠዋል።

አፈጣጠሩ

ጉዳቱን የሚያደርሱት ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውህዶች ናቸው። ከእነዚህም ሶራለን፣ ቤርጋፕተንና ዛንቶቶክሲን በብዛት ይጠቀሳሉ። ተክሉ የሚሠራቸው ቅጠሉን ከሚበሉ ነፍሳትና ከሻጋታ ራሱን ለመከላከል ነው። አንዳንድ ትሎች ቅጠሉን ጠቅልለው ብርሃን በማይደርስበት ውስጡ ተቀምጠው ይበሉታል፤ መርዙ ያለ ብርሃን ያን ያህል ጉልበት የለውምና። በሎሚ ቅጠል ላይ የወፍ ኩስ መስሎ የሚታየው የቢራቢሮ ትል ደግሞ መርዙን በሰውነቱ ውስጥ ማፍረስ ከሚችሉ ትሎች ወገን ስለሆነ በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር ሲበላ ይውላል።

ፉራኖኩማሪን ጠፍጣፋ ቅርጽ አለው። ወደ ቆዳ ሕዋስ ሲገባ መሰላል በሚመስለው በዲ.ኤን.ኤ እርከኖች መካከል ይሰካል። በጨለማ ከቆየ ብዙ ጉዳት ሳያደርስ ቀስ በቀስ ይወገዳል። «አልትራቫዮሌት ኤ» የሚባለው የፀሐይ ጨረር (የሞገድ ርዝመቱ ከ320 እስከ 400 ናኖሜትር የሆነው) ሲያርፍበት ግን ከእርከኖቹ ጋር በኬሚካል ይጣበቃል፤ አንዳንዴም የመሰላሉን ሁለት ቋሚዎች አንድ ላይ ያስራቸዋል። ዲ.ኤን.ኤው እንዲህ የታሰረበት ሕዋስ መባዛት ያቅተዋል፣ ብዙውንም ጊዜ ይሞታል። በብርሃኑ ኃይል የሚፈጠሩ ሌሎች ውህዶችም የሕዋሱን ሽፋን ይጎዳሉ። በቆዳው ላይ ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ ሆኖ የሚታየው የዚህ ሁሉ ድምር ነው።

ይህ አለርጂ አይደለም። አለርጂ የሚይዘው ሰውነታቸው ለአንድ ነገር የተለየ ጥላቻ ያዳበሩ ሰዎችን ብቻ ሲሆን፣ ይህ ቃጠሎ ግን በቂ ጭማቂና በቂ ፀሐይ ያገኘውን ማንኛውንም ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የነካውንም ጭምር ይይዛል። ስለዚህ «እኔ ሎሚ ስጨምቅ ኖሬ ምንም ሆኜ አላውቅም» የሚለው ክርክር የሚያስረዳው ያ ሰው እስካሁን ሁለቱን በአንድ ላይ አለማግኘቱን ብቻ ነው።

የቆዳው እርጥበትና ላብ ጭማቂው በቀላሉ እንዲሰርግ ያግዛሉ። ቆዳው ለብርሃን ከሁሉ ይበልጥ ስስ የሚሆነው ጭማቂው ከነካው ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ጨምቆ እጁን ሳይታጠብ ወደ ገበያ የወጣ ሰው በትክክል በዚህ ሰዓት መንገድ ላይ ይሆናል።

ሳይንስ ጉዳዩን የደረሰበት ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 ፍሮይንድ የተባለ ሐኪም ቤርጋሞት ከሚባለው የሎሚ ዘመድ የተቀመመ ሽቶ ተቀብተው ፀሐይ የሞቁ ሰዎች አንገት ላይ ሽቶው የፈሰሰበትን መስመር ተከትሎ ጥቁር ምልክት መውጣቱን መዘገበ። በ1938 ኩስኬ የተባለ ሌላ ተመራማሪ ተጠያቂዎቹ ፉራኖኩማሪኖች መሆናቸውን አሳየ። አሁን የምንጠቀምበትን ረጅም ስም ያወጣው ደግሞ በ1942 ክላበር ነው።

ጉዳቱን የሚያደርሱ ዕፅዋት

ጤና አዳም (በሳይንሳዊ ስሙ ሩታ ቻሌፔንሲስ) በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በየጓሮው ይተከላል፤ በገበያም በትናንሽ እስር ይሸጣል። ቅርንጫፉ ቡና ስኒ ውስጥ ይነከራል፣ ቅጠሉ ከአይብ ጋር ይደባለቃል፣ ለሆድ ቁርጠት ይጠጣል፣ ከቡዳ ይጠብቃል ተብሎም ለሕፃናት ይታሰራል ወይም ይቀባል። ስኒ ውስጥ የምትነከር አንዲት ቅርንጫፍ ለቆዳ አታሰጋም። አደገኛ የሚሆነው ቅጠሉ በብዛት ሲወቀጥ ወይም ሲታሽና ጭማቂው በገላ ላይ ሲቀባ ነው። በተለያዩ አገሮች ያሉ ሐኪሞች ጤና አዳምን ለትንኝ መከላከያ ብለው ተቀብተው ፀሐይ ላይ በዋሉ ሰዎች ላይ ትልልቅ ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ አይተዋል። የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ ጤና አዳም የተቀባን ልጅ ፀሐይ ማሞቅ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል።

ሎሚን በተመለከተ ስሙ ራሱ ማብራሪያ ይፈልጋል። በኢትዮጵያ «ሎሚ» የሚባለው ትንሹ፣ ክቡ፣ ልጣጩ ቀጭን የሆነው ፍሬ ሲሆን በሌላው ዓለም «ላይም» ከሚባለው ወገን ነው። በቃጠሎው ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሳውም ይኸው ዓይነት እንጂ ትልቁ ቢጫ የፈረንጅ ሎሚ አይደለም። መርዙ በልጣጩ ውስጥ ከጭማቂው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ ሎሚን በቢላ ቆርጦ ከማንጠባጠብ ይልቅ ከነልጣጩ በእጅ መጭመቅ ወይም በልጣጩ ገላን ማሸት ይብሳል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሜሪላንድ በአንድ የቀን ካምፕ ውስጥ የሎሚ ልጣጭ እየበሱ ጌጥ የሠሩ ብዙ ሕፃናት በእጃቸውና በክንዳቸው ላይ ቃጠሎ ወጥቶባቸዋል።

ከካሮት ወገን ከሆኑት ዕፅዋት ሰሊሪ፣ ፓርስሊና የዱር ካሮት ይጠቀሳሉ። በአዲስ አበባ ዙሪያ በየሜዳው የሚበቅለው እንስላልም የዚሁ ወገን ነው፤ የመርዙ መጠን ግን አነስተኛ ነው። ሰሊሪ በሻጋታ ሲታመም መርዙን በብዙ እጥፍ ያመርታል፤ ሰሊሪ የሚለቅሙ የእርሻ ሠራተኞች በዚህ ምክንያት ተደጋጋሚ ቃጠሎ የደረሰባቸው ጊዜ ነበር። ሌላው የሚጠቀሰው ተክል በለስ ነው። እዚህ ላይ «በለስ» የሚባለው በትግራይና በወሎ የሚበላው እሾሃሙ የቁልቋል በለስ ሳይሆን በመጽሐፍ ቅዱስ የሚታወቀው የዛፍ በለስ ነው፤ ቅጠሉ ሲቀነጠስ የሚወጣው ነጭ ወተት ፉራኖኩማሪን አለው።

የእንጦጦን ተዳፋት የሸፈነው ባሕር ዛፍ ከእነዚህ ውስጥ አይደለም። ሳማም አይደለም፤ ሳማ ወዲያው ይለበልባል፣ ፀሐይም አይፈልግም። የቁልቋል ወተትም ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ ግን በራሱ ኃይል ነው፣ በሌሊትም ቢሆን። እነዚህን ዕፅዋት ጎን ለጎን ለማየት የሚሻ ተማሪ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር የተቋቋመውን የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ቢጎበኝ ብዙ ይማራል።

የጉለሌ ፀሐይ

ጉለሌ ብርድ ነው። አብዛኛው ክፍሉ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትርና ከዚያ በላይ ይገኛል፤ ከበላዩ ያለው እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ጠዋት ጋቢ የሚያስደርበው አየር «እዚህ ፀሐይ አትጎዳም» የሚል ስሜት ይፈጥራል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ሙቀትና አልትራቫዮሌት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ጨረሩን የሚያጣራው አየር ይሳሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ወደ 10 በመቶ ይጨምራል።

በዚህ ላይ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ ከአናቷ በላይ ታልፋለች፦ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት። በነሐሴው ጊዜ ደመናው ብዙ ነው። ሆኖም አልትራቫዮሌት ኤ ስስ ደመናን ያልፋል፣ የመስኮት መስታወትንም አብዛኛው ይሻገረዋል፤ በመስኮት ሥር ተቀምጦ ሎሚ የሚጨምቅ ሰው ጥላ ውስጥ ነኝ ማለት አይችልም።

እነዚህን ሁለት ጊዜያት ከበዓላት ጋር ብናስተያይ አንድ ነገር ይገለጣል። ፋሲካ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል፤ እንቁጣጣሽ ደግሞ ነሐሴ እንዳለቀ ጳጉሜን ተሻግሮ ይመጣል። በሁለቱም በዓላት ዋዜማ ዶሮ ይታረዳል፣ ይበለታል፣ ከዚያም በሎሚና በጨው እየታሸ ደጋግሞ ይታጠባል። ቤቱ ጠባብ ሲሆን ሥራው የሚሠራው ደጅ ላይ ነው። ሎሚው ከነልጣጩ ይታሻል፣ እጅ እስከ ክንድ እርጥብ ነው፣ ፀሐይዋም አናት ላይ ናት። ዶሮው ሲለቀለቅ እጅም አብሮ ስለሚታጠብ ብዙ ጊዜ ምንም አይደርስም። ጭማቂው ወደ ክንድ ወርዶ ከደረቀ ወይም ሥራው ተቋርጦ ወደ ውጭ ከተወጣ ግን ለቃጠሎው የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቷል። የመዳፍ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ይቋቋማል፤ የሚጎዱት የእጅ ጀርባ፣ በጣቶች መካከል ያለው ቆዳና ክንድ ናቸው። በማግስቱ እጇ የቆሰለባት ሴት ደግሞ የሚታያት የምድጃው እሳት፣ የዘይቱ ፍንጣቂ ወይም የሽንኩርቱ ብዛት ነው።

ከበዓሉ ይልቅ አዘውትሮ የሚደርሰው ግን ፊትን በሎሚ ማሸት ሳይሆን አይቀርም። ማድያትንና ብጉርን ያጠፋል፣ ፊትን ያጠራል ተብሎ ሎሚ የሚቀባ ሰው ብዙ ነው። ተቀብቶ ወደ ፀሐይ የወጣ ሰው የሚያተርፈው ሊያጠፋው የፈለገውን ያንኑ ጥቁረት ነው።

ምልክቶቹና የጊዜ አካሄዳቸው

በመጀመሪያው ቀን ብዙውን ጊዜ ምንም አይታይም። ከ24 ሰዓት ገደማ በኋላ ቦታው መቅላትና ማቃጠል ይጀምራል፤ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ከፍተኛ ደረጃው ላይ ይደርሳል። ከባድ ከሆነ ውሃ ይቋጥራል። ስሜቱ ከማሳከክ ይልቅ ወደ ማቃጠልና ሕመም ያደላል፤ ይህም ከአለርጂ ሽፍታ ለመለየት ይረዳል። ከአንድና ከሁለት ሳምንት በኋላ ቁስሉ ሲደርቅ ቦታው ይጠቁራል፤ ጥቁረቱ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል።

በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ጎልቶ አይታይም። ሰውየው ማቃጠሉን ችላ ሊለውና መጀመሪያ የሚያስተውለው ጥቁር ሰንበሩን ሊሆን ይችላል። ሜላኒን ከጨረር በመጠኑ ይከላከላል፤ ግን ያው ሜላኒን ነው ከጉዳት በኋላ በብዛት ተመርቶ ምልክቱን የሚያቆየው። የውጭ መጻሕፍት በፎቶግራፍ የሚያሳዩት ቀይ ቃጠሎ በነጭ ቆዳ ላይ የወጣ ስለሆነ፣ በዚያ ብቻ የተማረ ባለሙያም ቢሆን እዚህ ሲያየው ሊያልፈው ይችላል።

ከሁሉ የሚበልጠው መለያ ቅርጹ ነው። በሽታ ቆዳ ላይ ሲወጣ ቀጥ ያለ መስመር እምብዛም አይሠራም። ጭማቂ ግን ይንጠባጠባል፣ ይፈስሳል፣ በጣት ይቀባል። ስለዚህ ከክርን ወደ አንጓ የወረደ ሰንበር፣ የጠብታ ነጠብጣብ፣ ቅጠል የገረፈው የሚመስል መስመር ወይም የእጅ አሻራ ሲታይ «ከትናንት ወዲያ ምን ነክተህ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የእጅ አሻራው በተለይ ከባድ ነገር ያስከትላል። ሎሚ ስትጨምቅ የነበረች እናት ልጇን በብብቱ ይዛ ብታነሳውና ልጁ ፀሐይ ላይ ቢጫወት፣ በሁለተኛው ቀን የጣቶቿ ቅርጽ በልጁ ገላ ላይ ቃጠሎ ሆኖ ይወጣል። በሌሎች አገሮች እንዲህ ያሉ ልጆች በሙቅ ነገር ሆን ተብለው የተቃጠሉ ወይም የተደበደቡ መስለው ወላጆቻቸው የተጠረጠሩበት ጊዜ አለ። እናትየው ልጁን እንዳልነካችው ትምላለች፤ አሻራው ግን የራሷ ነው። ነገሩን የሚፈታው የሎሚው ነገር መነሳቱ ብቻ ነው።

ከምችና ከሌሎች ሕመሞች ጋር መምታታቱ

ፀሐይ ያመጣው የቆዳ ቁስል ሲባል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቀድሞ የሚታሰበው ምች ነው። ምች መታው የሚባለው ሰው ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ላብ ይይዘዋል፣ ከንፈሩና የአፉ ዙሪያ ውሃ ይቋጥራል፤ መንስኤውም ታጥቦ ወይም ምግብ ሸቶት ፀሐይ ላይ መውጣት ነው ይባላል። በሕክምና አነጋገር የከንፈሩ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ኸርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው፤ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይኖርና በትኩሳት ወይም በኃይለኛ ፀሐይ ይቀሰቀሳል። ስለዚህ ቁስሉን ከፀሐይ ጋር ያያያዘው የሕዝብ አስተውሎት መሠረት አለው። ልዩነቱ ምች ከትኩሳትና ከድካም ጋር የሚመጣ፣ በከንፈር አካባቢ የሚሰበሰብ መሆኑ ነው፤ የጭማቂ ቃጠሎ ግን ጭማቂው በነካበት ቦታ ብቻ ይወጣል፣ ሌላውን ሰውነት አያሳምምም።

ለምች የሚታሸው ዳማከሴ ነው። ቅጠሉ ተጨምቆ ይሸተታል፣ ይጠጣል፣ ገላም ይቀባል። ዳማከሴ የበሶብላ ዘመድ እንጂ ከሎሚና ከካሮት ወገን ስላልሆነ በዚህ ቃጠሎ አይታወቅም። ከዳማከሴው ጋር ጤና አዳም ወይም ሎሚ ተጨምቆ ከተቀባና በሽተኛው ፀሐይ እንዲሞቅ ደጅ ከተቀመጠ ግን መድኃኒቱ ራሱ አዲስ ቁስል ሊያወጣ ይችላል። ያኔ «ምቹ ወጣለት» ይባልና ቅባቱ ይደገማል።

አልማዝ ባለጭራም ሰንበር የሚመስል ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል። እርሱ ግን የአንድን ነርቭ መስመር ተከትሎ በሰውነት አንድ ጎን ብቻ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ቁስሉ ከመታየቱ በፊት ለቀናት የሚወጋ ሕመም ይቀድመዋል፤ ልብስ ከሸፈነው ቦታም አይቀርም። የጭማቂ ቃጠሎ ልብስ በሸፈነው ቆዳ ላይ አይገኝም ማለት ይቻላል።

ሲደርስ የሚደረገው

ጭማቂው መንካቱ ወዲያው ከታወቀ በሳሙናና በውሃ ማጠብና ቦታውን ለሁለት ቀን ያህል ከፀሐይ መሸፈን ይበቃል። ልብስ ከማንኛውም ቅባት ይሻላል። ቃጠሎው ከወጣ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ ማኖር ሕመሙን ያስታግሳል። የቋጠረውን ውሃ ማፍረጥ አይገባም፤ ከላይ ያለው ቆዳ ለቁስሉ ተፈጥሯዊ ሽፋኑ ነው። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ አመድ ወይም ሌላ ቅጠል መቀባት ቁስሉን ለመመርቀዝ ያጋልጠዋል። ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ፣ ፊት ወይም ዓይን አካባቢ ከሆነ፣ ሕፃን ላይ ከወጣ ወይም መግል ከያዘ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚከፋው በዚህ ደረጃ ሳይሆን በኋላ ነው። ጥቁረቱን ለማጥፋት ብዙዎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባቶችንና ማንጫ ክሬሞችን ይገዛሉ። እነዚህ ለረጅም ጊዜ ፊት ላይ ሲቀቡ ቆዳውን ያሳሳሉ፣ ብጉርና የደም ሥር መታየት ያመጣሉ፣ ሲቆሙም ቆዳው ይቆጣል። የጭማቂ ቃጠሎ ጥቁረት ከፀሐይ ከተከለለ ቀስ በቀስ በራሱ ይለቃል፤ ትዕግሥቱ ነው የሚከብደው።

በመድኃኒትነት

ይኸው መርዝ መድኃኒትም ነው። በግብፅ በአባይ ሸለቆ አሚ ማዩስ የሚባል የነጭ አዝሙድ ዘመድ ይበቅላል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የአንዳሉስ ተወላጅ የሆነው የዕፅዋት ሊቅ ኢብን አል ባይጣር የዚህን ተክል ፍሬ ከማር ጋር ለለምጽ በሽተኞች መስጠትና ከዚያ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ እንደሚጠቅም ጽፏል። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የካይሮ ተመራማሪዎች ከፍሬው ውስጥ ዛንቶቶክሲንን ለይተው አወጡ፤ ኤል ሞፍቲ የተባለው የቆዳ ሐኪምም በለምጽ በሽተኞች ላይ ሞክሮ ነጣ ያለው ቆዳ ቀለሙን መልሶ ሲያገኝ አየ። ከ1974 ጀምሮ ደግሞ ይኸው መድኃኒት ተወስዶ በሐኪም ቤት መብራት አልትራቫዮሌት ኤ የሚሰጥበት ሕክምና ለሶሪያሲስና ለሌሎች የቆዳ ሕመሞች ሊውል ቻለ። ሕክምናው ለዓመታት ሲደጋገም የቆዳ ካንሰርን ዕድል ስለሚጨምር መጠኑ በጥንቃቄ ይመዘገባል።

ለምጽ ያለበት ሰው በቤት ውስጥ ጤና አዳም ወይም ሎሚ ቀብቶ ፀሐይ ቢሞቅ ተመሳሳይ ውጤት አገኛለሁ ብሎ ማሰቡ አይፈረድበትም፤ ሐሳቡ ከሳይንሱ ብዙ አይርቅም። ችግሩ በቅጠል ውስጥ ያለው መጠን ከተክል ተክል መለያየቱ፣ የፀሐዩም ኃይል አለመለካቱ ነው። በለምጹ የነጣው ቆዳ ሜላኒን ስለሌለው ከሌላው ቀድሞ የሚቃጠለው እርሱ ነው፤ ክፉኛ የተቃጠለ ቆዳ ላይ ደግሞ ለምጹ ራሱ ሊሰፋ ይችላል።

በከብቶች ላይ

ተክልና ፀሐይ ተባብረው የሚያቃጥሉት ሰውን ብቻ አይደለም፤ በከብቶች ላይ ግን መንገዱ ይለያል። ለአጥር የሚተከለውና በብዙ የኢትዮጵያ ቆላማ ቦታዎች አረም ሆኖ የተስፋፋው የወፍ ቆሎ (ላንታና ካማራ) የሚበላውን ከብት ጉበት ይጎዳል። ጤነኛ ጉበት ከሣር አረንጓዴ ቀለም መፈጨት የሚመጣውን ፊሎኤሪትሪን የሚባል ውህድ ያስወግዳል፤ የተጎዳው ጉበት ግን ያቅተዋልና ውህዱ በደም ወደ ቆዳ ይደርሳል። ፀሐይ ሲያርፍበት ያቃጥላል። ቡሬ በሆነ በሬ ላይ ነጩ ቆዳ ተልጦ ጥቁሩ ደህና ሆኖ ይታያል፤ እረኛውም ከብቱ ጥላ ጥላ ሲል ያየዋል።